ሁለቱ አያቶቼ ዘር የቆጠሩበት ቀን

ልጅ እያለሁ ሥራ ነበረኝ፤ አስተርጓሚ ነበርኩ። ደመወዝ የለው፣ የዕረፍት ቀን የለው። እዚህ ቬጋስ ከመጤ ወላጅ የተወለደ የኔ ዘመን ልጅ ሁሉ ይህን ሥራ ያውቀዋል። አባቴ አሜሪካዊ ቢሆንም ካዚኖ ውስጥ የቁማር ማሽን ሲጠግን አድሮ ቀን ቀን ስለሚተኛ፣ እናቴ ሐኪም ቤትም ሆነ ባንክ ስትሄድ ይዛ የምትወጣው እኔን ነበር። በሁለት ትልልቅ ሰዎች መካከል አንገቴን ቀና አድርጌ ቆሜ የአንዱን ቃል ለሌላው አቀብላለሁ። ታዲያ ቃሉን እንዳለ አላቀብልም፤ አለዝበው ነበር። ሐኪሙ ቆጣ ካለ “እባክሽ ነው የሚልሽ” እላታለሁ፤ እናቴ ከተማረረች ደግሞ “ታመሰግናለች” እለዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ አንድ ጥያቄ ሳላለዝብ እንደወረደ አቀበልኩ። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ።

የምንኖረው ሰንራይዝ ማነር ነበር። ሰፈራችን የሆቴል ሠራተኛና የታክሲ ሹፌር የሞላበት፣ ቤቱ ሁሉ ዝቅ ያለና በፀሐይ የነጣ ነው። ከሁለት መንገድ ማዶ የአባቴ አባት ዋልተር ይኖራል። እኔ ግራንፓ ነው የምለው። ዕድሜውን ሙሉ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሲያድል ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ጣቶቹ ረጃጅም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ከሺፍት እስክትወጣ የምቆየው እሱ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጣሪያው ላይ የተገጠመው በውሃ የሚሠራ የአየር ማቀዝቀዣ የረጠበ ገለባ ይሸታል። ያ ሽታ ከቀዘቀዘ ሎሚናትና ከአሮጌ ወረቀት ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ እስለውና እየዘለልኩ ግራንፓን አደምጠዋለሁ።

ግራንፓ ጡረታ ከወጣ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሠራው፤ ዘሩን ይቆጥር ነበር። ገና ሥራ ላይ ሳለ ጀምሮ ለፍቶ ለፍቶ ከእንግሊዝ በመርከብ ከመጡት ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ዘንድ ደርሷል። የጋራዡ ግድግዳ ላይ ትልቅ የዘር ሐረግ ተለጥፏል። እኔን ያስተማረኝ ግን በካርታ ነው። ካዚኖ ተጫውቶበት መሃሉን በስቶ የጣለውን ካርታ ሰብስቦ፣ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ አያት ስም ጽፎ፣ እንደ ድሮ ሥራው ጠረጴዛው ላይ እያንሸራተተ ያድለኛል። እኔም ካርታው ሳይገለጥ ስሙን እጠራለሁ። የመጨረሻው ካርታ ናትናኤል ነው፤ ከመርከብ የወረደው እሱ ነው። እዚያ ስደርስ ግራንፓ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ ያደርግና “እንግዲህ ሶፊ፣ ከየት እንደመጣሽ የሚጠይቅሽ ካለ ይህን ንገሪው” ይለኛል።

የሚጠይቀኝማ ሞልቷል። ክፍል ውስጥ “ከየት ነሽ?” ይሉኛል። “ከዚሁ” ስላቸው “እሱማ ነው፣ ግን ከየት ነሽ?” ይላሉ። ፊቴ የእናቴ ነው፣ ፀጉሬ የእናቴ ነው። ስለዚህ ናትናኤልን እንደ መታወቂያ ነበር የያዝኩት። እናቴ በበኩሏ ወሎ ሐይቅ ዳር የተወለደች ናት። ሻሽዋን እያሰረች ለሥራ ስትወጣ “የኔንም ቁጠሪ እንጂ፣ እኔስ ከዛፍ ነው የወረድኩት?” ትለኝ ነበር፣ እየሳቀች። የሷን ስሞች አስተምራኛለች፤ ሰይድ፣ ይመር፣ አሊ፣ ሙሄ እያለ ይቀጥላል። ነገር ግን ክፍል ውስጥ የሚያስፈልገኝ ናትናኤል ነበር። እሷም ይህን ሳታውቀው የቀረች አይመስለኝም።

አሥር ዓመት ሊሞላኝ ሲል ግራንፓ ትልቅ ነገር አሰበ። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ዘሮች በየጊዜው የሚሰበሰቡበት ማኅበር አለ። ብዙ ወዳጆቹ እዚያ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ እየመጡ ቢራ እየጠጡ ስለ አያቶቻቸው ያወጋሉ። ግራንፓ እኔን በልጆች መዝገብ ሊያስገባኝ ስንት ወረቀት ጻፈ፣ ስንት ስልክ ደወለ። ከማኅበሩ ልጆች መካከል እኔን የሚመስል አልነበረም። ይሁንታው ሲመጣ ወዳጆቹ እጁን ጨበጡት። እናቴ ነጭ ቀሚስ ገዛችልኝ። በየማታው መስተዋት ፊት ቆሜ ከኔ እስከ ናትናኤል ስሞቹን ስጠራ አባቴ ለሥራ እየለበሰ በፈገግታ ይሰማኛል።

በዚህ መካከል የእናቴ አባት ከወሎ መጡ። የዓይን ሞራቸውን እዚህ እንዲያስገፍፉ እናቴ ከሆቴል ሥራዋ ጉርሻ ባጠራቀመችው ነው ያስመጣቻቸው። አባባ ነው የምላቸው። ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ከራሳቸው የማይለይ፣ የመስጊድ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው የማይወጣ ሽማግሌ ነበሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያቸው “አባባ፣ ደህና ነህ?” አልኳቸው፤ እናቴ ክንዴን ጎሸም አድርጋ “ደህና ነዎት ነው የሚባለው” አለችኝ። እሳቸው ግን ግንባሬን ስመው “ተያት፣ ልጅ ከልቧ ከጠራችኝ ይበቃኛል” አሉ። ዓይናቸው ታክሞ ከዳነ በኋላ መጀመሪያ የለመኑት ከቁዳው ጋር መቀመጥን ነበር። ቁዳ የሚሉት ግራንፓን ነው፤ በልጅ ጋብቻ የተዛመደ ማለታቸው ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ሙቀቱ በረድ ብሎ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጋራዡ ጥላ ሥር ወንበር ገጥመው ተቀመጡ። እኔ መካከላቸው በርጩማ ላይ ነኝ። አባቴ ተኝቷል፤ እናቴ ከሺፍት አልተመለሰችም። ግራንፓ ደስ ስላለው ካርታዎቹን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። አባባ ካርታውን ሲያዩ እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው “ልጄ፣ ይህ የቁማር አይደለም ወይ?” አሉኝ። እኔ ለግራንፓ “ስሞቹን በቃልህ ብትጠራለት ይወዳል” አልኩት። ለምጄዋለሁ፤ አለዘብኩ። ግራንፓም ካርታውን ወደ ጎን አድርጎ፣ ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ፣ አንድ በአንድ ጠራ። አባባ ሰው ሲመርቅ እንደሚሰማ እጃቸውን ዘርግተው ሰሙት። ናትናኤል ላይ ሲደርስ ፊታቸው በራ።

“ናትናኤል? ይሄማ የጎረቤታችን የቄሱ ልጅ ስም ነው። ማሻአላህ በይልኝ። ይህን ያህል ዘር የሚቆጥር ሰው በኛም አገር የለም።”

ተረጎምኩት። ግራንፓ ከት ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ናትናኤል እንዴት እንደመጣ ተረከ፤ መርከቡን፣ ባሕሩን፣ የመጀመሪያውን ብርድ። አባባ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡና ጠየቁ።

“እንዲያው ከመርከብ ሲወርዱ አገሩ የማን ነበር? ማን አስጠጋቸው?”

በጥያቄው ተንኮል እንዳልነበረበት ዛሬም እምላለሁ። በአባባ አገር እንግዳ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ቤት እንዳረፈ ነው። እኔም ቃሉ ምንም አልከበደኝም። መልሱን ስለማላውቀው እኔም ልሰማው ጓጓሁ። እናም እንዳለ ለግራንፓ ሰጠሁት።

 ግራንፓ ፊት ላይ የነበረው ሳቅ እዚያው ቀርቶ ቀስ በቀስ ሲጠፋ አየሁት። የሰማኝ ስላልመሰለኝ ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ያን መድገሜን ሳስታውስ አሁንም ጆሮዬን ያቃጥለኛል።

በመጨረሻ ወደ አባባ እያየ፣ እኔ እንድከተለው በዝግታ፣ መናገር ጀመረ። ነባሮቹ ሰዎች በመጀመሪያው ብርድ በቆሎ እየሰጡ እነ ናትናኤልን ከረሃብ አዳኗቸው። ከዓመታት በኋላ ሰፋሪዎቹ በረከቱ፣ መሬት ጠበባቸው። በበረዶ ወራት የመንደሩ ወንዶች ተሰብስበው ከወንዙ ማዶ ያለውን የነባሮቹን ቀዬ ከበቡና ሰው በውስጡ እያለ በእሳት ለኮሱት። እዚህ ላይ ቆምኩ። አባባ ጉልበቴን መታ አድርገው “ንገሪኝ ልጄ፣ አትፍሪ” አሉ። “ሴቶችና ሕፃናት” አልኳቸው፣ የቀረውን መጨረስ አቃተኝ። ግራንፓ ቀጠለ። በረዶው ሲቀልጥ መሬቱን ተካፈሉት። ናትናኤል ድርሻውን ወሰደ። የቤተሰባችን የመጀመሪያ እርሻ ያ ነው።

“ይህን ከብዙ ዓመት በፊት ነው ያወቅሁት” አለ ግራንፓ። “ግድግዳው ላይ አልጻፍኩትም።”

ለአባባ ይህንንም ነገርኳቸው። የሚቆጡ መሰለኝ። ተነስተው የሚሄዱም መሰለኝ። እሳቸው መቁጠሪያቸውን በጣታቸው ያንከባልሉ ጀመር። እናቴ በዚህ መካከል የሆቴል ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከመኪናዋ ወርዳ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር።

“እኔም ስቆጥር የምዘለው ሰው አለ በይልኝ” አሉ አባባ።

እናቴ “አባባ?” አለች።

ከአሊ በላይ ሙሄ አይደለም፣ አሉ። አሊ የእንድሪስ ልጅ ነው፤ ሙሄ የእንድሪስ አባት ነው። እንድሪስ የሰው ነጋዴ ነበር። ከደቡብ ፈንጋይ አፍኖ ያመጣቸውን ልጆች እየገዛ፣ በገመድ አያይዞ፣ በረሃውን አሻግሮ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይሸጥ ነበር። በረሃው ላይ የደከመውን ጥሎት ያልፋል። ሐይቅ ዳር ያለው የቤተሰቡ ቦታ የተገዛው በዚያ ነው። “ፈንጋይ” የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አላውቀውም ነበርና እናቴን ጠየቅኋት። እሷ አባቷን ነው የምታየው።

“ለምን ዘለው አስተማሩኝ?” አለቻቸው።

“እኔንም አባቴ እንዲሁ አስተማረኝ። ዝለለው አላለኝም። ስሙን አላነሳም፣ በቃ። ሌላ ሰው ነው የነገረኝ፣ በጠብ መሃል።”

ግራንፓ እኔ እስክጨርስ ጠበቀ። ከዚያ ወንበሩን ወደ አባባ አስጠጋ።  እናቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች። ጨለም እስኪል አራታችን እዚያው ነበርን። እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስለ ነጩ ቀሚሴ።

አባባ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የማኅበሩ ቀን ደረሰ። የአንድ ምግብ ቤት የኋላ አዳራሽ ነው፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ኬክ፣ ሽቶ የተቀቡ አሮጊቶች። ልጅ የሚያስመዘግብ አያት ተነስቶ ዘሩን ይቆጥራል፤ ደንቡ ነው። ግራንፓ ከራሱ ጀምሮ እስከ ናትናኤል ቆጠረ። ሰዉ ለጭብጨባ እጁን ሲያነሳ እሱ ግን አልተቀመጠም። ናትናኤል ያስጠጉትን ሰዎች አቃጥሎ መሬታቸውን የወሰደ ሰው ነው አለ። የልጅ ልጄ ስሙን ከተቀበለች ይህንንም አብራ ትቀበል፣ እኔ ብቻዬን ይዤው ልሞት ነበር አለ። ድምፁ አልተለወጠም፤ ካርታ ሲያድል እንደነበረው ነው።

ሰብሳቢዋ ሴትዮ “እናመሰግናለን ዋልተር፣ ዛሬ የልጆቹ ቀን ነው” ብላ ቶሎ ወደ እኔ መጣች። የማኅበሩን ትንሽ ምልክት ቀሚሴ ላይ ሰክታልኝ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ያጨበጨቡት እናትና አባቴ ናቸው። ኬኩ ሲቆረስ ወደ ጠረጴዛችን የመጣ ሰው አልነበረም። መኪና ውስጥ ግራንፓ ከፊት ወንበር ዞሮ “አስከፋሁሽ ሶፊ?” አለኝ። “አይ” አልኩት፣ መስኮቱን እያየሁ። እያለቀስኩ እንደነበር ግን አይቷል።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጋራዡ ጭር አለ። አንዱ ወዳጁ አሞኛል አለ፤ አንዱ ሥራ በዛብኝ አለ። ሌሎቹ ምክንያትም አልሰጡ። ግራንፓ ስለነሱ ክፉ አልተናገረም። የዒድ ቀን እናቴ ወደ ሐይቅ ስትደውል ስልኩን ይቀበላትና እኔን ይጠራኛል። ለአባባ በዚያ በአሜሪካዊ አፉ “ሰይድ፣ ይመር፣ አሊ፣ እንድሪስ፣ ሙሄ” ብሎ ይቆጥርላቸዋል፤ አባባም በማዶ “ናትናኤል” ይላሉ። በመሃላቸው የምተረጉመው ነገር አልነበረኝም። ግን የቅዳሜ ወንበሮቹ ተጣጥፈው ግድግዳ ተደግፈው ሳይ፣ ያቺን ጥያቄ ባለዝባት ኖሮ እላለሁ። “ጉዞው እንዴት ነበር ይልሃል” ብለው ኖሮ፣ ሽማግሌው ወዳጆቹ መሃል ያረጅ ነበር። ኮሌጅ ስገባ ሞተ። ቀብሩ ላይ ከማኅበሩ አንድም ሰው አልነበረም። አባባም ብዙ ሳይቆዩ ተከተሉት።

ይህን ሁሉ ዘመን ለማንም ሳልናገር ይዤው ነበር። ባለፈው ወር አባቴን አርትስ ዲስትሪክት ወደሚባለው ሰፈር ለምሳ ይዤው ወጣሁ። እሱም አሁን ጡረተኛ ነው፤ ፀጉሩ የግራንፓን መስሏል። “ግራንፓን ያሳዘንኩት እኔ ነኝ አይደል?” አልኩት። ስለ የትኛው ቀን እንደምጠይቀው ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሹካውን አስቀመጠ።

“ልጅ እያለሁ፣” አለ፣ “አንድ ቀን ጋራዡ ውስጥ ስለ ናትናኤል የምነግርህ ነገር አለ ብሎ ጀምሮልኝ ነበር። እኔ የኳስ ጨዋታ ነበረኝ። በኋላ ትነግረኛለህ ብዬ ሮጥኩ። ሁለተኛ አልጀመረውም። እኔም ምን ልትነግረኝ ነበር ብዬ አልጠየቅሁትም። ልጁ ሆኜ አልጠየቅሁትም፤ የጠየቀው ከወሎ የመጣ እንግዳ ነው።”

 ሂሳቡን እኔ ከፈልኩ፤ እሱ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ እስከ መኪናው ድረስ ሄድን።

አሁን ኢንስፒራዳ ነው ቤቴ። መንገዱ የተጠረገ፣ ጋራዡ በሪሞት የሚዘጋ፣ ጎረቤት ለጎረቤት እጅ አውለብልቦ የሚያልፍበት ሰፈር ነው። ልጄ ኑር እኔ ያኔ የነበርኩበት ዕድሜ ላይ ናት። እኛ አንድን አያት ለማወቅ የሰው አፍ እናይ ነበር፤ ስሙ ከነድምፁ፣ ከነሳሉ ነው የሚደርሰን። የኑር ስልክ በአንድ ጣት ንክኪ ስንት አያት ይዘረግፍላታል፤ አገር አገሩ በቀለም የተከፋፈለ ካርታም ያሳያታል። ከስልኩ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት የለ፤ ስልኩ አያፍርም፣ አይዘገይም። እኔም ስሞቹን አንድ ሳልዘል አስተምሬያታለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። እንድሪስን ታውቀዋለች፤ ናትናኤልንም ታውቀዋለች። የሠሩትን ግን አልነገርኳትም። ትደግ፣ ትጠንክር፣ ስትጠይቀኝ እያልኩ ነው ዓመቱ ያለፈው። ልጅ ደግሞ ሁልጊዜ የምትሮጥበት ጨዋታ አላት።

ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ጠበቅኋት። ስልኳን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ አየችኝ።

“ማሚ፣ ትራብል ውስጥ ነኝ?”

“አይደለሽም። የምነግርሽ ነገር አለኝ።”

“ረጅም ነው?”

“ረጅም ነው” አልኳት። “ነይ፣ ቁጭ በይ።”